ያልተነገረ ስንብት

ክፉ ሰው ቤት ያፈርሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ክፉው እስኪመጣ ድረስ ደጋጎች ስንቱን ቤት አፍርሰው ይጠብቁታል። ከዚህ በታች የሚተረከው የአንዲት ጎበዝ ሴትና የአንድ ደግ ሽማግሌ ነገር ነው። በመካከላቸው ሌባ አልነበረም፣ ቀማኛም አልነበረም። የነበረው ይሉኝታ ብቻ ነው። ይሉኝታን ከጨዋነት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የክት ልብስ የለበሰ ፍርሃት ነው።

ሴትየዋን ዘመድም ጎረቤትም የሚጠራት «ሲስተር» እያለ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ዋና ነርስ ነበረች። የጫማዋ ኮቴ ከኮሪደሩ ጫፍ ሲሰማ ጀማሪ ነርሶች ወሬያቸውን ይውጣሉ፤ ሐኪሞች ሳይቀሩ የጋዋናቸውን ቁልፍ ይፈትሻሉ። አልጋ ሥር ታጎነብሳለች፤ የመስኮት ጠርዝ በጣቷ ትዳስሳለች። ተረኛ ተረኛን ሲቀይር «ሁሉም ደህና ነው» የሚል የቃል ርክክብ አትቀበልም፤ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ ከአልጋ ወደ አልጋ አብረው ይዞራሉ። «በአፍ የሰማሁትን በሽተኛ አልረከብም» ትል ነበር። በዚህ ጠባይዋ የወደዷት ጥቂቶች ናቸው፤ የዳኑት ግን ብዙ ናቸው።

ይህችው ሴት የራሷን የሚከራይ ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ዓመታት አሳለፈች።

ቤቱ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ነው። እሷና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ባሏ ከወጣትነታቸው ጀምሮ፣ አንድ ዓመት ግድግዳ፣ አንድ ዓመት ጣሪያ እያሉ የሠሩት ነው። ምድር ቤቱን አንድ የላውንደሪ ባለቤት ይዞታል፤ ከጎኑ የሰነድ መጻፊያ ቢሮ አለ፤ ፎቁ ላይ ሁለት መኖሪያዎች አሉ። ጡረታዋ የማይደርስበትን የሚሞላላት ይህ ቤት ነው። ከዚያም በላይ፣ ባሏ በእጁ ሽቦ የዘረጋበት፣ ከእሱ የቀራት አንድ ነገር ነው።

ባሏ ሲሞት የቤቱ አስተዳዳሪ የተመረጠበት ሁኔታ መነገር አለበት። ከቀብር መልስ ሳሎኑ በሰው እንደተጨናነቀ የባሏ ታላቅ ወንድም ተነሡና፣ «ወንድሜ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም። የዚያን ቤት ነገር ለእኔ ተዉት» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንዲት አሮጊት «ደም ከውሃ ይወፍራል» አለች። ሲስተርን የጠየቃት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሽማግሌው አንድ ቧንቧ አስጠግነው ያውቁ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ዶሮ የሚገዛ ሰው እንኳ ላባዋን ገልጦ ያያል፤ ያን ያህል ንብረት ግን በልቅሶ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ተላለፈ።

ሲስተር «ጋሼ» የምትላቸው እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያሳለፉ፣ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ጃንጥላ የማይለያቸው፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ታማኝነታቸው የሚያከራክር አይደለም። ኪራዩን ሰብስበው፣ በፖስታ አሽገው፣ ራሳቸው ያደርሳሉ፤ ለመጓጓዣ እንኳ አይነኩም። ችግሩ፣ ማስተዳደር ማለት ይኸው ብቻ መስሏቸው መኖራቸው ነው። ተከራይ አቤት ሲል ይሄዳሉ፤ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ከልብ ያዝናሉ፤ ሲነሡም «በቃ፣ ነገ ይሠራል» ይላሉ። ተከራዮቹ ከኋላቸው «አቶ ነገ» ይሏቸዋል። ይወዷቸዋል ደግሞ። የማይሠራ ግን የሚያዝን ሰው በቀላሉ ይወደዳል።

ሲስተር ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ላለማወቅ ትጠነቀቅ ነበር ቢባል ይቀላል። «ቤቱን ልየው» ብትል ጋሼ «አላመነችኝም» ይላሉ፤ ዘመዱም «ባሏ ሲሞት ቤተሰቡን ረሳች» ይላል። ስለዚህ በዚያ ሠፈር ስታልፍ እንኳ ከአጥሩ ውጪ ቆማ፣ ጣሪያው ቦታው ላይ መሆኑን አይታ ትመለስ ነበር።

አንድ ቀን ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ይዛ ሳለ ፎቁ ላይ የምትኖረውን የኬሚስትሪ አስተማሪ አገኘቻት። ከጎኗ የቆመችው ትንሽ ልጇ ትስላለች።

«ሲስተር፣ ከእርስዎ ጋር መገናኘት እፈልግ ነበር» አለች አስተማሪዋ። «ጋሼን ዘልዬ መምጣቱ ነውር መሰለኝና ተውኩት።»

«ምን ሆነሻል?»

«እኔስ ምንም አልሆንኩም። የታመመው ግድግዳው ነው።»

ሲስተር የልጅቷን ሳል አዳመጠች። ያን ሳል ታውቀዋለች። መድኃኒቱን ከገዙ በኋላ አብራቸው ሄደች።

የልጅቷ አልጋ የተጠጋው ግድግዳ ልስኑ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ተነፋፍቷል፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሲስተር በጣቷ ነካችው፤ ልስኑ እርጥብ ሆኖ በእጇ ላይ ቀረ። በቅርቡ ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት በፕላስተር ታሽጓል። ያን ሶኬት የገጠመው ባሏ ነበር።

«ጋሼ አይተውታል?»

«ደጋግመው። አንድ ጊዜማ ለልጄ ብርቱካን ይዘው መጡ። እሷ ስትስል እንባቸው መጣ። አምላክ ይስጣቸው፣ ክፉ አይወጣኝም። ግን ብርቱካን ግድግዳ አያደርቅም።»

ጣሪያው ላይ ወጡ። የውሃው ታንከር ክዳኑ የለም፤ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ሲስተር ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። ውሃው ላይ የርግብ ላባ ይንሳፈፋል። በሥራ ዘመኗ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና አልቆ ሳትተካ የተገኘች ጽዳት ሠራተኛን ከክፍሏ ያባረረች ሴት፣ የራሷ ተከራዮች የሚታጠቡበትን ውሃ አይታ ቆርቆሮውን መልሳ ከደነችው።

«እኔ ግልጹን ልንገርዎት» አለች አስተማሪዋ ደረጃውን ሲወርዱ። «ዝናቡ ሳይገባ ካልተሠራ እለቃለሁ። ቤቱን ወድጄዋለሁ፤ ልጄን ግን ከቤቱ የበለጠ እወዳታለሁ።»

ሲስተር የምትኖረው ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ነው። ልጅቷ በአፏ እናቷን የምትደፍር፣ በልቧ ግን የምትፈራ ናት። ያን ዕለት እናቷ ያየችውን ስትነግራት፣

«እማዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ አንበሳ ነበርሽ» አለች። «ጋሼ ፊት ግን ድመት እንኳ አትሆኚም። ድመት ቢያንስ ትቧጭራለች።»

«አፍሽን ዝጊ።»

«እሺ፣ የእኔን ዘጋሁ። ቧንቧውንስ ማን ይዝጋው?»

ሲስተር በማግስቱ ሌላ አስተዳዳሪ መፈለግ ጀመረች። እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት፦ ፍለጋውን በጥንቃቄ ነው ያካሄደችው። የቸገራት መፈለጉ ሳይሆን ማሰናበቱ ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከረባት ያሠረ ሰው ነው። ስለ ኪራይ ገበያ ብዙ ተናገረ፤ ነባሮቹን ተከራዮች አስወጥቶ የተሻሉ እንደሚያስገባ ቃል ገባ።

«ከመስማማታችን በፊት ቤቱን አያዩትም?» አለችው።

«ፎቶ ይላኩልኝ፣ ይበቃኛል።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። «ፎቶ አይሸትም» አለች ለልጇ፣ ቤት ስትገባ።

ሁለተኛው የጎረቤት አማች ነው። ለስላሳ ድምፅ አለው፤ ሲቀመጥ የወንበሩን ጠርዝ ብቻ ይነካል። በንግግሩ መካከል «እርስዎ ለእኔ እንደ እናቴ ነዎት» እያለ ሲስተርን አሳሳቃት። ልትስማማ ምንም አልቀራት።

«እማዬ፣ እንደ ወንድም የሆነው አልበቃ ብሎ እንደ ልጅ የሚሆን ልትቀጥሪ ነው?» አለቻት ልጇ። «የቤት አስተዳዳሪ ነው የምትፈልጊው ወይስ ዘመድ እየወለድሽ ነው?»

ሲስተር ተቆጣች፤ ተቆጥታም ተወችው።

ሦስተኛውን የጠቆመችላት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ናት። ለብዙ ዓመታት የግንባታ ሥራ ሲመራ የኖረ፣ አሁን የሰው ቤቶችን በውል የሚያስተዳድር፣ ሁሉም «ፎርማኑ» የሚለው ጎልማሳ ነው። ጨዋታ አያውቅም። ሲስተር ሻይ ስታቀርብለት፣ «ቤቱን ሳላይ አልጠጣም፤ ጠጥቼ እንቢ ብልዎት ይከፋዎታል» አላት። ቤቱ ጋ እንደደረሱ ሰላምታ ሳያበዛ የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን አንሥቶ ተመለከተ፤ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ጠየቀ፤ ሲስተር አላወቀችውም። በየክፍሉ ገብቶ ተከራዮቹን፣ «የሚያስመርርዎት ምንድን ነው?» አላቸው። የላውንደሪው ባለቤት፣ «ምሬት መስማት ከፈለግህ ወንበር ይዘህ ተቀመጥ» ብሎ ግማሽ ሰዓት አወራው።

በመጨረሻም ፎርማኑ ደረጃው ሥር ቆሞ ሁኔታዎቹን ተናገረ። በየወሩ ቤቱን ከተከራዮቹ ጋር ክፍል በክፍል ያያል። ከባድ ጥገና ሲኖር አስቀድሞ ያስፈቅዳል። ሥራው ካላማራት አስጠንቅቃ ታሰናብተዋለች፤ እሱም ካላማረው እንደዚሁ።

«የመጨረሻውና ዋናው ደግሞ ይኸ ነው» አለ። «ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው ነገሩን ከእርስዎ አፍ ይስሙ። ከተከራይ አይስሙ፣ ከእኔም አይስሙ። ሁለት አዛዥ ያለው ቤት አንድም አዛዥ የለውም። ይነግሯቸዋል?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ» አለች ሲስተር። ቃሉ የማን እንደሆነ ልብ አላለችውም።

ሄደች፤ ይህን አልዋሸችም። አውቶቡስ ውስጥ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ አስተካከለችው፤ «ጋሼ፣ እስካሁን ስለደከሙ አመሰግናለሁ፤ ቤቱን ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ያየዋል፤ ምክንያቱም» እያለች። ከ«ምክንያቱም» በኋላ ያለውን ሳትጨርስ ደረሰች።

ጋሼ አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አብጧል፤ ክፍሉ ቅባት ቅባት ይሸታል። ከራሳቸው በላይ የወንድማቸው ፎቶ ተሰቅሏል።

«እህት ዓለም! ጊዜው እንዴት ጣለሽ?» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አሁን ለእትዬሽ ምን እያልኳት ነበር መሰለሽ፤ ያ ቤት ባይኖር እኔ እስካሁን አፈር ነበርኩ። ጡረተኛ ማለት ጠዋት ተነሥቶ ልብስ የሚለብስበት ምክንያት የሌለው ሰው ነው። እኔ ምክንያት አለኝ።»

ሚስታቸው ሻይ አመጡ። ሲስተር ጠጣች።

«ጋሼ» አለች፤ «ይኼ ጉልበትዎ... ያን ደረጃ መውጣት መውረዱ ይብስበታል። ትንሽ አረፍ ቢሉ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «አየሽ? የወለድኳቸው ያላሰቡልኝን አንቺ አሰብሽልኝ። እንግዲህ ነርስ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። እስኪሻለኝ አርፋለሁ።»

«እስኪሻለኝ» የምትለዋን ቃል ሲስተር በደንብ ሰምታታለች። ማረም ትችል ነበር። «ለጊዜው የሚያየው ሰው አግኝቻለሁ» አለች።

«ጎሽ! ሲሻለኝ መጥቼ ሥራውን አሳየዋለሁ።»

ሲስተር ሳቀች። የሁሉም ክፍል ቁልፍ ቅጂ በእሳቸው ዘንድ እንደሆነ ትዝ ያላት በሩ ላይ ስትደርስ ነው። ብትጠይቅ ነገሩ ይገለጣል፤ ስለዚህ አልጠየቀችም።

ፎርማኑ ሲደውል፣ «ነገሯቸው?» አላት።

«ነግሬያቸዋለሁ። ተስማምተዋል።»

ቃላቱን አንድ በአንድ ቢያነሡት እያንዳንዱ የሚሟገትለት ያገኛል፤ አንድ ላይ ሆነው ግን ውሸት ናቸው። ሳትለካ የሙቀት መጠን የጻፈችን ነርስ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ያቆመች ሴት፣ ስልኩን ዘግታ እፎይ አለች። ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው።

ፎርማኑ ሥራ ጀመረ። ታንከሩ ታጠበ፤ ክዳን ተገጠመለት። የላላው የደረጃ መደገፊያ ተበየደ። ተከራዮቹ መጀመሪያ ተጠራጠሩት፤ በኋላ ለመዱት። «ይኼ ሰውዬ አያዝንልንም» አለ የላውንደሪው ባለቤት፤ «ግን ይሠራልናል። ሁለቱን አንድ ላይ የፈጠረው የለም መሰለኝ።» ቀጥሎ ተራው የግድግዳው ሆነ። አስተማሪዋ ትምህርት ቤት፣ ልጇም መዋለ ሕፃናት በሄዱበት ጠዋት ፎርማኑ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ ለየተከራዩ በቃል ነግሮ፣ ግድግዳውን አስከፈተ። ቧንቧው ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ኖሯል። የተሰነጠቀውን ቆርጠው አወጡና ምትኩን ሊገዙ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ወጡ።

የጋሼ ጉልበት የተሻለው በዚያው ሰሞን ነበር።

ጃንጥላቸውን ይዘው ግቢ ሲገቡ የላውንደሪው ባለቤት እጁ በሳሙና እንደተለወሰ ሮጦ ወጣ።

«ጋሼ! ደረሱልኝ! ያ አዲሱ ሰውዬ ውሃ ዘግቶ ሄደ። የሆቴል አንሶላ ሙሉ ገንዳ ዘፍዝፌ፣ ሳሙናው ሊደርቅብኝ ነው። ከሰዓት መኪናቸው ይመጣል። ትንሽ ቢለቁልኝ፣ ማለቅለቂያ ብቻ!»

«መቼም ሰው ውሃ አይከለከልም» አሉ ጋሼ፣ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። «አይዞህ፤ አሁኑኑ።»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሥራ ለነገ ሳያሳድሩ ሠሩ። የመዝጊያውን ሳጥን ከፍተው ውሃውን ለቀቁት። ከምድር ቤት የደስታ ድምፅ ተሰማ። ፎቁ ላይ ደግሞ ከተቆረጠው ቧንቧ የሚወጣው ውሃ የልጅቷን አልጋ፣ ፍራሿን፣ ደብተሮቿንና ቁም ሣጥኗን አጥለቅልቆ፣ በበሩ ሥር ወጥቶ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ሲስተር ተጠርታ ስትደርስ ሁሉም ደረጃው አካባቢ ነበሩ። አስተማሪዋ የረጠቡትን የልጇን ደብተሮች አንድ በአንድ እየጨመቀች ደረጃው መደገፊያ ላይ ትሰቅላለች። ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃ ይጠርጋሉ። ፎርማኑ መዝጊያውን መልሶ ዘግቶ፣ አዲሱን መታጠፊያ በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

«ሲስተር፣ መዝጊያውን የከፈቱት እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«እኔ ማን ነኝ?» አሉ ጋሼ ቀና ብለው። «ይልቅ አንተ ማን ነህ? ጉልበቴ እስኪሻለኝ የተቀጠርክ አይደለህም? እህት ዓለም፣ ንገሪው እንጂ!»

«ቆይ» አለ የላውንደሪው ባለቤት ከበሩ ላይ፣ እርጥብ አንሶላ ትከሻው ላይ ጥሎ፤ «እኛ የማን ተከራዮች ነን? የጠዋቱ ሰውዬ ይዘጋል፣ የረፋዱ ይከፍታል። ከሰዓት በኋላስ ማን ነው የሚመጣው?»

የሳቀለት አልነበረም።

ሁሉም ዓይን ወደ ሲስተር ዞረ። እሷ ግን በዚያች ሰዓት እንኳ መሹለኪያ ፈለገች። «ሁለታችሁም ለዚህ ቤት ደክማችኋል» አለች። «ተረጋግታችሁ ብትመካከሩ...» ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ተረቱ። ተረቱ ያልተናገረው፣ ባላ የሆኑት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ነው።

ፎርማኑ የቁልፎቹን መያዣ ከወገቡ ፈትቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «ነግሬያቸዋለሁ ብለውኝ ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «ቧንቧውን ገጥሜ እሄዳለሁ። ከሚዋሸኝ ሰው ጋር ቤት አልጠብቅም።»

«እኔም እለቃለሁ» አለች አስተማሪዋ፣ ዞር ሳትል። «እርጥበቱን ችዬው ነበር። የማን ትእዛዝ እንደሚሠራ በማይታወቅበት ቤት ግን ልጄን አላስተኛም።»

ሲስተር የሚወርደውን ውሃ አየች። ከዚያ ጋሼን አየቻቸው፤ ሱሪያቸው ረጥቧል፣ እጃቸው መጥረጊያውን ጨብጧል፣ ፊታቸው ግን አሁንም እሷን አምኖ ይጠብቃል። ከሁሉም የከበዳት ያ ፊት ነው።

«ጋሼ» አለች። «አሰናብቼዎታለሁ።»

ሽማግሌው ያልሰሙ መሰሉ።

«ስለ ጉልበትዎ አልነበረም። ቤቱ በእጅዎ እየበሰበሰ ነበር። ይህ ግድግዳ ለዓመታት ሲያለቅስ እርስዎ ነገ ይሉ ነበር፤ ያቺ ልጅ ከሥሩ ተኝታ ትስል ነበር። ይህን ቤትዎ መጥቼ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ፈራሁና ጉልበትዎን ሰበብ አደረግኩ። ለዚህ ሰውም ዋሸሁ። ዛሬ የሆነው ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው።»

ጋሼ መጥረጊያውን እንዳይወድቅ አድርገው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። መሐረባቸውን አውጥተው እጃቸውን አደራረቁ።

«ሽማግሌ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም» አሉ። «ብትነግሪኝ እሰማሽ ነበር። ቤቴ መጥተሽ ሻዬን ጠጥተሽ፣ ስቀሽልኝ ወጣሽ።»

«አዎ።»

«አሁን ተከራይ ፊት ነገርሽኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ቁልፎቹን ከኪሳቸው አወጡ። ለሲስተር አልሰጧትም፤ ወደ ፎርማኑ ሄደው ዘረጉለት። «የላይኛው በር ትንሽ ወደ ላይ ካላነሣኸው አይከፈትም» አሉት። ፎርማኑ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሽማግሌው የሱሪያቸውን እጥፋት አውርደው፣ ጃንጥላቸውን አንሥተው፣ በእርጥቡ ደረጃ ላይ እየተጠነቀቁ ወረዱ። ደግፎ ሊያወርዳቸው እጁን የዘረጋውን የላውንደሪ ባለቤት፣ «ተወኝ፣ አንሶላህን አለቅልቅ» አሉት።

ዘመድ ይህን ሲሰማ በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ሲስተርን ጨካኝ አላት፤ ገሚሱ ደፋር። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የተሠራን ግድብ ድፍረት ብሎ የሚያሞግስ ሰው የጎርፉን ጉዳት አልቆጠረም ማለት ነው። እውነቱን የተናገረችው ሌላ መውጫ ባጣች ጊዜ ነው፤ የሚመሰገንላት ነገር ቢኖር፣ ከተናገረች በኋላ ቃሏን ለማለስለስ አለመሞከሯ ብቻ ነው።

አስተማሪዋና ልጇ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ በሲስተር ቤት፣ በሲስተር ልጅ ክፍል ተቀመጡ። አስተማሪዋ መልቀቁን ተወችው፤ ይሁን እንጂ አዲሱን ውል የፈረመችው እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አንብባ ነው። ፎርማኑም ቆየ። የተቆረጠውን ቧንቧ አፍ ሳይወትፍ መሄዱ የእሱ ጥፋት እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረና የፍራሹን ዋጋ ራሱ ቻለ። በየወሩ ሲስተር አብራው ትዞራለች፤ አልጋ ሥር ታጎነብሳለች። አንድ ወር ሥራ በዝቶበት ቀጠሮውን ሲያሳልፍ ያኔውኑ ደወለችለት። «ውላችን በየወሩ ይላል። በዚህ ሳምንት ካልመጣህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አሁን የነገርኩህ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል ነው» አለችው። «ሰምቻለሁ» አላት፤ መጣም። ልጇ ከጓዳ ሆና፣ «ድመቷ ቧጨረች» ስትል ተሰማች።

ወደ ጋሼ ቤት ግን መንገዱ ረዘመ። በሄደች ቁጥር ሚስታቸው በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ተኝተዋል፣ እህቴ» ይሏታል፤ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ የጃንጥላው ጫፍ ይታያል። የባሏ እህት፣ «ነገሩ ይረሳል፤ አንቺም ተይው፣ እሳቸውም ይተዉታል» ብላ መከረቻት። ሲስተር ምክሩን አልተቀበለችም። ብትቀበል ኖሮ ይህም እንደዚያ ግድግዳ ይሆን ነበር፤ ነገ የሚሠራ።

በመጨረሻ አንድ ቀን በሩን የከፈቱት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። አላስቀመጧትም፤ እንድትሄድም አላሏትም። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«አዲስ ነገር የለም። ያኔ የነገርኩዎትን ልድገምልዎት ነው። የምነግርበት ቦታ እዚህ ነበር እንጂ ደረጃው ላይ አልነበረም።»

ደገመችው። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ምንም አልቀነሰችም፤ ቤቱ መበስበሱን፣ ልጅቷ መሳሏን፣ የርግቧን ላባ፣ ፈርታ መዋሸቷን። ሚስታቸው የጓዳውን በር ይዘው ቆመው ሰሙ። ጋሼ እስክትጨርስ ድረስ ወለሉን ሲያዩ ቆዩና ቀና አሉ።

«አንድ ነገር አጋንነሻል» አሉ። «ለዓመታት ብለሻል፣ ያኔም ዛሬም። ዓመታት አይደለም። ያ ግድግዳ ከረጠበ ሁለት ክረምት ብቻ ነው።»

«ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ማሰብ ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች ላይ ይሄዳል። ሲስተር ቆማ ጠበቀች። ይህን ይቅርታ ብሎ መጥራት ማጋነን ነው። በሁለቱ መካከል ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እንደ ነበረ ሆኖ እየተቆጠረ ነበር።

«ሦስት ነው» አሉ ጋሼ ቆይተው። ዓይናቸውን ሳይገልጡም በእጃቸው ባዶውን ወንበር አመለከቷት።